ከሰባተኛው ቀን እስከ አርባኛው

በወልዲያና በመርሳ መካከል፣ በሐብሩ ወረዳ፣ በማሽላ ምርምሯ የምትታወቀው ሲሪንቃ አለች። የዚህ ምልልስ ተናጋሪዎች ሁለት ናቸው፦ ዕድሜያቸውን በማዋለድ ያሳለፉ፣ አገሬው «እትዬ» የሚላቸው አዋላጅ ነርስ፣ እና ከተማ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራው የወንድማቸው ልጅ። ሰዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። የሚነጋገሩበት ነገር ግን በየወረዳው አለ፤ ስለሚታፈርበት ብቻ አይወራም።

አዋላጇ፦ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጅ ተወለደ እንበል። አለቀሰ፣ ቀላ፣ ጡት ያዘ። እግሩን ገለጥ አድርጌ ሳይ ግን ወንድ ነው ልበል፣ ሴት ናት ልበል፣ ቸገረኝ። የሴት ነው እንዳልል ከልኩ በላይ አድጓል፤ የወንድ ነው እንዳልል የሽንቱ ቀዳዳ ከሥር ነው፤ ፍሬም በእጄ አይገኝም። አያትየው እልል ልትል በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። የትኛውን ሆርሞን ላስመርምር?

ባለሙያው፦ ከሆርሞኑ በፊት ጨዉን ያስመርምሩ፣ እትዬ።

አዋላጇ፦ የምን ጨው?

ባለሙያው፦ በደም ውስጥ ያለውን፤ ሶዲየሙንና ፖታሲየሙን። አብሮም ስኳሩን። ወንድ ነው ሴት የሚለው ጥያቄ ሳምንትም ወርም ቢቆይ ልጁን አይገድለውም። የጨዉ ነገር ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ይገድላል። ሰው ሁሉ ዓይኑን ብልቱ ላይ ሲተክል ልጁ በሌላ በኩል ይሞታል።

አዋላጇ፦ ብልትና ጨው ምን አገናኛቸው?

ባለሙያው፦ ከሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ አንድ አንድ ትንሽ እጢ አለ፣ አድሬናል ይባላል። ኮርቲሶል ይሠራል፤ ሰውነት ሕመምንና ጾምን የሚቋቋመው በእሱ ነው። አልዶስተሮን ይሠራል፤ ጨው በሽንት እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። ጥቂት የወንድ ሆርሞንም ያመነጫል። አሁን የጊራና ገበሬ የመስኖ ቦዩ ሲደፈንበት ውሃው የት ይሄዳል? ወደ ጎረቤት ማሳ ይገነፍላል። እዚህም 21-ሃይድሮክሲሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ሲጎድል የኮርቲሶሉና የአልዶስተሮኑ ቦይ ይደፈናል፤ አንጎል «ኮርቲሶል አነሰኝ» እያለ እጢውን ይጎተጉታል፤ የተጠራቀመው ጥሬ ዕቃ ሁሉ ወደ ወንድ ሆርሞኑ ማሳ ይገነፍላል። ልጅቷ በማህፀን ሳለች ያ ሆርሞን ብልቷን የወንድ ያስመስለዋል። ማህፀኗ ግን አለ፣ ክሮሞዞሟም የሴት ነው። ሐኪሞች ሲኤኤች ይሉታል። ጾታው ባልለየ አራስ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፤ በዓለም በግምት ከ15,000 ሕፃናት አንዱን ይይዛል።

አዋላጇ፦ እሺ፣ ሴቷን ብልቷ ያስታውቅባታል። ወንዱስ?

ባለሙያው፦ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ወንዱ ያንኑ ሕመም ይዞ ሲወለድ የሚያስደነግጥ ነገር አይታይበትም። ወንድ ነው ተብሎ እልልታው ይቀልጣል፣ ልጁም ወደ ቤቱ ይገባል። ሕመሙ ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ የተበላሸ ዘረ መል ሲገናኝ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ወንድና ሴት እኩል መያዝ አለባቸው። አራስ ሁሉ በማይመረመርበት አገር ግን በሆርሞን ክሊኒክ መዝገብ ላይ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበዛሉ። ወንዶቹ መዝገብ ላይ ሳይደርሱ ቀርተዋል።

አዋላጇ፦ በተቅማጥና ትውከት ስም ተቀብረዋላ!

ባለሙያው፦ በዚያ፣ በሴፕሲስ፣ በምች፣ በቡዳ ስም። ምልክቱ ሁሉንም ይመስላል፦ ጡት እምቢ ይላል፣ ያስመልሰዋል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ ክብደቱ ይወርዳል።

አዋላጇ፦ አንዲት ሴት አለች፣ ከእኛ ማዶ። ሁለት ወንድ ልጅ ቀበረች፤ ሁለቱም በሦስተኛው ሳምንት ላይ። አገሩ «ሾተላይ አለባት» አለ። እኔ ደግሞ ሾተላይ ሲባል የደም ነገር ነው ብዬ አር ኤቿን አስመረመርኳት፤ ፖዘቲቭ ነው። ሾተላይም አልሆነ። ሁለተኛው ልጅ በሰባተኛው ቀን ዓቂቃው ታርዶ፣ ስም ወጥቶለት፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሄዷል። በሁለተኛው ጁምዓ ጡት ጣለ። እንዲያው ምኑን ሳናውቀው ነው ያመለጠን።

ባለሙያው፦ እስቲ ይንገሩኝ እትዬ፣ የወለደችን ሴት መቼ መቼ ነው የምታዩአት?

አዋላጇ፦ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሰባተኛው ቀን፣ ከዚያ በስድስተኛው ሳምንት።

ባለሙያው፦ ጨው የሚያባክነው ልጅ የሚወድቀው ስንተኛው ቀን ላይ እንደሆነ ያስቡት። አብዛኛው ከሰባተኛው እስከ ሃያ አንደኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ከዓቂቃው በኋላ፣ ከክርስትናው በፊት። የእኛ መርሐ ግብር ማንንም ወደዚያ ቤት የማይልክበት ጊዜ ማለት ነው። ጤነኛ ሕፃን መጀመሪያ ጥቂት ክብደት ቢቀንስም እስከ አሥረኛው፣ ቢበዛ እስከ አሥራ አራተኛው ቀን የተወለደበትን ይመልሳል። ይኼኛው አይመልስም። አሥራ አራተኛው ቀን ላይ አንድ ጊዜ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ምን ያህል ከባድ ነው? የሆርሞን ማሽን የለንም እያልን እናለቅሳለን፤ ሚዛኑ ግን ጤና ኬላው ውስጥ ተቀምጧል።

አዋላጇ፦ የጤና ኤክስቴንሽኗ ስንት ቤት እንዳለባት ታውቃለህ? ክረምት ሲሆን ወንዙ ይሞላል፤ ከዚያ ማዶ ያለው ቤት ማን ይደርስበታል? አሥራ አራተኛ ቀን ጨምሩ ማለት ለአንተ ቀላል ነው።

ባለሙያው፦ ልክ ነዎት፣ ለሁሉም ቤት አይሆንም። ቢያንስ ለሦስት ዓይነት ልጅ ይሁን፦ ብልቱ ለማይለይ፤ ወንድ መስሎ ሁለቱም ፍሬ ለማይገኝበት፤ ከዚህ በፊት ሕፃን በድንገት ለሞተበት ቤት። መካከለኛውን ልብ ይበሉልኝ። ጊዜው ደርሶ የተወለደ፣ ብልቱ ደህና የሚመስል፣ ግን ከረጢቱ ባዶ የሆነ ልጅ «ፍሬው በኋላ ይወርዳል» ተብሎ አይሸኝ። ሲኤኤች ያለባት ሴት ልትሆን ትችላለች።

አዋላጇ፦ እንዲህ ያለው ልጅ መጣ እንበል። ደም ቀድቼ በባጃጅ ወልዲያ ልላክ?

ባለሙያው፦ ደሙን አይላኩ፣ ልጁን ይላኩ። ይኼን የምልዎት በሥራዬ ስለማየው ነው። ፖታሲየም የሚኖረው በብዛት በቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው። ተረከዙ ተወግቶ በኃይል ከተጨመቀ፣ ወይም ደሙ ሳይለይ ሰዓታት መንገድ ላይ ከተንገላታ፣ ሴሉ ይፈርስና ፖታሲየሙ ይፈስሳል። ማሽኑ ከፍተኛ ቁጥር ያወጣል። እኛ ደግሞ «ናሙናው ተበላሽቷል» ብለን እንጥለዋለን። በዚህ ሕመም ፖታሲየሙ በእውነት ከፍ ይላል፣ ሶዲየሙ ይወርዳል፤ ስለዚህ እውነተኛውን ውጤት ከተበላሸው ጋር አብረን እንጥላለን። ሶዲየሙ አብሮ መውረዱን ሳላይ እንዲህ ያለ ናሙና አልጥልም፤ ሌላም ከደም ሥር እንዲቀዳ አስደግማለሁ። ለዚህ ልጁ እዚያው መሆን አለበት።

አዋላጇ፦ መንገድ ላይ ቢሞትብኝስ?

ባለሙያው፦ ልጁ ከተልፈሰፈሰ ሐኪሙ ጋ ይደውሉ፤ ሃይድሮኮርቲሶን መርፌ ለአስም ብላችሁ መደርደሪያ ላይ አላችሁ። ለአራስ ድንገተኛ ጊዜ የሚሰጠው መጠን 25 ሚሊግራም ነው፤ ግሉኮስና ኖርማል ሳላይን አብሮ ይሰጣል። ከተቻለ ከመርፌው በፊት ትንሽ ደም ይቀዳ፤ መርፌው ከገባ በኋላ የሆርሞኑ ውጤት ይደበዝዛል። ካልተቻለ ግን ደሙ ይቅር፣ መርፌው አይቅር። ለምርመራ ብሎ ሕክምና የሚያዘገይ ላቦራቶሪ የለም፣ ሊኖርም አይገባም።

አዋላጇ፦ አሁን ወደ ሆርሞኑ ግባ።

ባለሙያው፦ የሚለካው ከተደፈነው ቦይ በላይ የተጠራቀመው ነው፤ 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን ይባላል። የሚቀዳው ከ48 ሰዓት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን በማንኛውም አራስ ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ያለጊዜው በተወለደና በታመመ ሕፃን ላይም እንዲሁ። ከወሊድ ማግስት ተቀድቶ «ከፍ ብሏል» የተባለ ወረቀት ይዞ የሚንከራተት ቤተሰብ አለ፤ በሦስተኛው ቀን የተቀዳ ቢሆን ያ ሁሉ መከራ ባልኖረ። ሌላው ጉድ መለኪያው ነው። አንዱ ላቦራቶሪ በሚሊሊትር ናኖግራም ይጽፋል፣ አንዱ በዴሲሊትር፣ ሌላው በሊትር ናኖሞል። ከባድ ሲኤኤች ባለበት አራስ ላይ በሚሊሊትር 100 ናኖግራምና ከዚያ በላይ ይገኛል። ያው ቁጥር በዴሲሊትር 10,000 ነው፣ በናኖሞል 300 ያህል። መለኪያው ያልተጻፈበት «100» ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም፤ በሚሊሊትር ከሆነ ልጁ አደጋ ላይ ነው፣ በዴሲሊትር ከሆነ ደህና ነው። ወረቀቱ ላይ የልጁ ዕድሜ በቀን፣ የተቀዳበት ሰዓት፣ መለኪያው፣ የወሰደው መድኃኒት ካልሰፈረ እኔ ያንን ውጤት ውጤት አልለውም።

አዋላጇ፦ ቁጥሩ መሃል ላይ ቢውልስ?

ባለሙያው፦ እጢውን የሚቀሰቅስ መርፌ ተሰጥቶ ከ60 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። በእኛ አገር የተለመደው በፀረ-አካል የሚለካው ማሽን በአራስ ደም ውስጥ ያሉ ሌሎች ተመሳሳይ ሆርሞኖችን አብሮ ይቆጥራል፤ በማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚለካው ይለያቸዋል። ያ ግን ሩቅ ነው። ክሮሞዞም ለማየትም አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ወደ ውጭ የሚላክ ናሙና አለ። አልትራሳውንዱ ግን ወልዲያም አለ፤ ማህፀን አለ የለም የሚለውን ያያል። ማህፀን ካለ፣ ፍሬ በእጅ ካልተገኘ፣ 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮኑ ከፍ ካለ፣ ክሮሞዞሙ እስኪመጣ ሕክምናው ይጀመራል።

አዋላጇ፦ አዲስ አበባ፣ ወልዲያ ትላለህ። በጦርነቱ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014፣ ወልዲያ ምን እንደሆነች አይተናል። ሆስፒታሉ ተዘርፎ፣ የደሴውም ተዘርፎ፣ እኛም ጋ የጓንት ካርቶን እንኳ አልቀረም ነበር። ዛሬም ማሽኑ አለ ሲባል ሪኤጀንቱ የለም፣ ሪኤጀንቱ መጣ ሲባል መብራቱ ይጠፋል።

ባለሙያው፦ ያንን አልክድም። ለዚህ ነው የሚከተለውን የምልዎት። ኤችአይቪ በደሟ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን በስድስተኛ ሳምንቱ ምን ታደርጉለታላችሁ?

አዋላጇ፦ ተረከዙን ወግተን ደሙን ወረቀቱ ላይ እናንጠባጥባለን። ይደርቃል፣ በፖስታ ይታሸጋል፣ ደሴ ይሄዳል።

ባለሙያው፦ 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮንም በዚያው ዓይነት ወረቀት ላይ ይለካል! በረዶ አይፈልግም፤ ደርቆ ሲጓዝ አይበላሽም። ዘዴው የወጣው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው፤ መጀመሪያ የተሞከረውም በሀብታም ከተማ አልነበረም። በአላስካ ዩፒክ የሚባሉ ሕዝቦች ዘንድ ከ300 ሕፃናት አንዱ ገደማ ይህ ሕመም ነበረበት፤ መንገድ በማያገናኛቸው መንደሮች ወረቀቱ ተጓዘ። ዛሬ ብዙ አገሮች አራስን ሁሉ በዚህ ይመረምራሉ። እኛ በአገር ደረጃ የለንም። ከሲሪንቃ ደሴ የሚደርሰው የፖስታ መንገድ ግን ተሠርቶ፣ ሰው ሠልጥኖ፣ ለዓመታት ሠርቷል። የጎደለው ደሴ ላይ የሚለካው ሪኤጀንትና «ይለካ» የሚል ውሳኔ ነው። ለሁሉም አራስ አላልኩም፤ ቅድም ለቆጠርናቸው ሦስት ዓይነት ልጆች ይጀመር።

አዋላጇ፦ ተለካ እንበል። መድኃኒቱስ? ገጠር ላለ ሰው የዕድሜ ልክ መድኃኒት ቀላል አይደለም።

ባለሙያው፦ ሃይድሮኮርቲሶን ኪኒን በቀን ሦስት ጊዜ፤ ጨው የሚይዘው ፍሉድሮኮርቲሶን፤ ለጨቅላው ደግሞ በቀን 1 ወይም 2 ግራም የወጥ ጨው በውሃ ሟሙቶ። ሁለቱም ኪኒኖች በዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ፤ በመድኃኒት ቤቶቻችን ግን እነሱን ማግኘት መከራ ነው። ሃይድሮኮርቲሶኑ ሲጠፋ በየቦታው በሚገኘው ፕሬድኒሶሎን ይተካል፤ እሱ ነፍስ ያተርፋል፣ ግን መጠኑ ትንሽ ካለፈ የልጅን ቁመት ይገታል። ለዚህ ነው ሆርሞኑ በየጥቂት ወሩ እየተለካ መጠኑ የሚስተካከለው። ልጁ ትኩሳት ሲይዘው መጠኑ እንደሚጨመር ለእናትየው ካልተነገራት በአንድ ወባ ልታጣው ትችላለች።

አዋላጇ፦ ይኼን የሚያስተምራት ማን ነው? ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ ትሂድ?

ባለሙያው፦ መጀመሪያ አንድ ጊዜ መሄዷ ይጠቅማል፤ የልጆች የሆርሞን ሐኪሞች ያሉት በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ድሮ እነሱም አልነበሩም። በ2008 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ ለአፍሪካ የልጆች ሆርሞን ሐኪሞች ማሠልጠኛ ሲከፈት ከተማሩት ውስጥ ኢትዮጵያውያን አሉበት፤ እነሱ ተመልሰው ሌላውን አስተማሩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ክትትል ግን ወልዲያ ያለ የሕፃናት ሐኪም በስልክ እየተማከረ ሊይዘው ይችላል። እናትየውን የዕለት ተዕለቱን የሚያስተምሯት አንቱ ነዎት።

አዋላጇ፦ ፍሬው በእጄ ከተገኘስ? ብልቱ ግን ካልለየ?

ባለሙያው፦ ያኔ መንገዱ ይቀየራል። በእጅ የሚዳሰስ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ የወንድ ፍሬ ነው፤ ጥያቄው ፍሬው ይሠራል ወይ፣ ሰውነቱስ ይሰማዋል ወይ የሚል ይሆናል። ለዚህ ተፈጥሮ አጭር መስኮት ከፍታለች፤ ወንድ ሕፃን ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ወር ቴስቶስተሮኑ ከፍ ይላል፣ በስድስተኛው ወር ገደማ ይተኛል፣ ከዚያ እስከ ጉርምስና አይነቃም። በመስኮቱ ውስጥ የተቀዳ አንድ ደም ብዙ ይናገራል። «ትንሽ ይደግና እናየዋለን» የተባለ ልጅ መስኮቱ ይዘጋበታል። ከዚያ በኋላ ፍሬውን ለመቀስቀስ ኤችሲጂ መወጋት አለበት።

አዋላጇ፦ ኤችሲጂ? የእርግዝናው?

ባለሙያው፦ ራሱ፤ የሽንት ስትሪፑ የሚያነበው። ፍሬውን ቀስቅሶ ቴስቶስተሮን ያስወጣዋል። ሳይወጉ የሚለካም አለ፣ ኤኤምኤች የሚባል፤ በሕፃን ደም ውስጥ በርከት ብሎ ከተገኘ ውስጥ የሚሠራ የወንድ ፍሬ አለ ማለት ነው።

አዋላጇ፦ ትልልቆቹም አሉ። አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ቁመቷ ያማረ፣ ጡቷ የወጣ፣ የወር አበባ ግን ያላየች። እናቷ ይዛት ትመጣለች፤ ከኋላ አማች የምትሆነዋ ትከተላለች።

ባለሙያው፦ አማቲቱን ከክፍሉ ያስወጧት፤ ለቤቱ ሰዎችም ቢሆን አይንገሩ። ከእንዲህ ያሉ ልጆች አንዳንዶቹ ክሮሞዞማቸው የወንድ ነው፤ ቴስቶስተሮናቸው እንደ ጎረምሳ ከፍ ያለ ነው፤ ሰውነታቸው ግን አይሰማውም፣ ስለዚህ እንደ ሴት አደጉ። ሌላም ዓይነት አለ፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ መንደሮች የተጻፈው። እዚያ ሴት ተብለው ያደጉ ልጆች በጉርምስና ድምፃቸው ጎርንኖ፣ ብልታቸው አድጎ ተገኙ፤ ቴስቶስተሮንን ወደ ጠንካራው ዓይነት የሚለውጠው ኢንዛይም ጎድሏቸው ነበር። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ እንደ ወንድ ኖሩ። ሁለቱንም በደም መለየት ይቻላል። ውጤቱ ግን የልጅቷ ነው። እሷ ማን እንደሆነች ወረቀቱ አይወስንላትም፤ አልቅሳም ጠይቃም እንድትረዳው ጊዜ ይሰጣት። ተማሪ ተሰብስቦ ሊያያት፣ በስልክ ፎቶ ሊነሳት አይገባም። የማይመለስ ቀዶ ሕክምናም እሷ ሳትጠየቅ አይቸኮልበት።

አዋላጇ፦ አሁን እውነቱን ልንገርህ። አንተ «ጊዜ» ትላለህ፤ እኔ በሩ ላይ አያት አለችብኝ። ወንድ ከሆነ ክርስትናው በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ነው። ዓቂቃው ለወንድ ሁለት በግ፣ ለሴት አንድ። የልደት ምዝገባው 90 ቀን አለው፣ ጾታ ይጻፍበታል። «አላውቅም» ካልኩ ልጁን ሸፍነው ይዘውት ይሄዳሉ፤ እኔም ያ ቤት ዳግመኛ አይከፈትልኝም።

ባለሙያው፦ «አላውቅም» አይበሉ። ምን ይሉ ነበር?

አዋላጇ፦ «አብሽሪ፣ ልጅሽ በሕይወት አለ። የብልቱ አፈጣጠር ገና አልጠራም፤ በዓለም ሁሉ የሚወለድ ነው፣ የማንም ኃጢአት አይደለም። ሥራ የሚበዛበት እጢ ሊኖር ስለሚችል ወልዲያ ደሙ ይታያል። ስሙን ለጊዜው ያዙት» እላለሁ። ለቄሱና ለሼኹ ራሴ ሄጄ ብነግራቸው ይሰሙኛል፤ ነፍስ ያለበት ነገር ነው። ቄሱ ሕፃን ከታመመ አርባ ሳይጠብቁ ያጠምቃሉ፤ ስም ስጡኝ ቢሉም ለሁለቱም የሚሆን ስም መቼ ጠፋ። የምዝገባውንም 90 ቀን እስከ መጨረሻው እጠቀምበታለሁ።

ባለሙያው፦ በሦስተኛው ቀን የተቀዳውን ደም ውጤት በወቅቱ ካገኘን፣ አብዛኛው መልስ ከአርባው በፊት ይደርሳል።

አዋላጇ፦ የማዶዋ ሴት የስድስት ወር እርጉዝ ናት።

ባለሙያው፦ ሁለቱን የገደላቸው ሲኤኤች ከነበረ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለው፤ ወንድም ቢሆን ሴት። ሐኪም ቤት እንድትወልድ ያድርጉ። ልጁ ደህና ቢመስልም በሦስተኛው ቀን ደሙ ለ17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን ይቀዳ፤ ሴረሙ ተለይቶ በቀዝቃዛ ዕቃ ይሂድ፣ እሱን እኔው እቀበላለሁ። ውጤቱ እስኪመጣ በየሁለት ቀኑ ይመዘን፤ ጡት ባነሰ ቀን ሳያድር ወልዲያ ይግባ፣ ሶዲየምና ፖታሲየሙ ይታይ። የሪፈር ወረቀቱ ላይ «ሁለት ወንድሞች በሦስተኛ ሳምንት ሞተዋል» ብለው በትልቁ ይጻፉልኝ፤ ያ መስመር ከሌለ ተረኛው አንቲባዮቲክ ብቻ ሰጥቶ ያስተኛዋል።

አዋላጇ፦ ስልክህን በካርዷ ጀርባ ጻፍልኝ። የሐኪሙንም።